«ድኗል»፣ «ተሽሎታል»፣ «ታድሷል»፦ ስለ ሳምባ የግንድ ሕዋስ ሕክምና በታተሙ ሥራዎች ላይ የቀረበ ትችት

መግቢያ

የተጎዳ ሳምባ በግንድ ሕዋስ ይጠገናል የሚለው ወሬ ከባሕር ማዶ የምርምር ቤቶች ተነሥቶ ዛሬ ጋምቤላ ከተማ መሃል ደርሷል። ቀድሞ እንዲህ ያለው ነገር ከትላልቅ መጻሕፍት በቀር አይገኝም ነበር፤ አሁን ግን ሳምባው የደከመ ዘመድ ያለው ሰው ከባሮ ድልድይ አጠገብ ቆሞ በእጅ ስልኩ ላይ ያገኘዋል። በመርፌ የሚሰጥ ሕዋስ ሳምባን እንደ አዲስ ያበቅላል የሚል ማስታወቂያ ያነብና፣ ላሞቹን ሸጦ አባቱን ወደ ውጭ አገር ለመላክ ያወጣል ያወርዳል። የዚህ ሰው ጥያቄ «እውነት ነውን?» የሚል ብቻ ነው። ጥያቄው አጭር ቢሆንም የአንድ ቤተ ሰብ ሀብት፣ አንዳንድ ጊዜም የአንድ ሰው ሕይወት የተንጠለጠለበት ስለሆነ በጥንቃቄ ሊመረመር ይገባዋል።

ይህች ጽሑፍ ለዚሁ ምርመራ የተዘጋጀች ናት። እኛ ተማሪዎች እንጂ ሐኪሞች ስላልሆንን ለማንም ሕመምተኛ መድኃኒት ለማዘዝም ሆነ ለመከልከል አንደፍርም። ሥራችን በጉዳዩ ላይ ከታተሙት ጽሑፎች ዋና ዋናዎቹን አንብቦ፣ ጸሐፊዎቹ የተናገሩትን በርግጥ ካሳዩት ለይቶ ማቅረብ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይገንዘብልን።

ለመመዘኛ የምንጠቀምባቸው ሦስት የአማርኛ ቃላት ናቸው። አንደኛው «ዳነ» ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የበሽታው ተውሳክ ከሰውነቱ ጠፋ ማለት ይሆናል። ሁለተኛው «ተሻለው» ነው፤ ይህም ቁጣው በረደ፣ ትኩሳቱ ወረደ፣ ትንፋሹ ቀለለ ማለት ነው። ሦስተኛው «ታደሰ» ሲሆን፣ የጠፋው የሰውነት ክፍል እንደገና በቅሎ የቀድሞ ሥራውን ይሠራል ማለት ነው። በዕለት ንግግር እነዚህ ቃላት አንዱ በሌላው ቦታ ቢገቡ ማንም አይጎዳም። በሕክምና ጽሑፍ ውስጥ ሲደባለቁ ግን ጉዳቱ ብዙ ነው። ልናስረዳ የምንፈልገው ይህ ነው፦ ስለ ሳምባ ግንድ ሕዋስ የተጻፈው አብዛኛው ሥራ፣ ቢበዛ ስለ «ተሻለው» ጥቂት ማስረጃ አቅርቦ በዓለም ፊት የሚነገርለት ግን «ታደሰ» እየተባለ ነው።

፩. ጥያቄው በጋምቤላ ለምን ይከብዳል

ጋምቤላ ከተማ አኙዋኮች ኦፔኖ በሚሉት በባሮ ወንዝ ዳር፣ ከባሕር ወለል በላይ 500 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ሞቃት ሜዳ ላይ የተቆረቆረች ናት። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። በዚህ አገር ሳምባን ከሚጎዱት ነገሮች ዋናው የሳምባ ነቀርሳ ነው። የነቀርሳ ተውሳክ ሳምባን እየበላ ዋሻ ያወጣበታል፤ መድኃኒቱ ተውሳኩን ከገደለ በኋላም ዋሻው በጠባሳ ይከበባል፣ የአየር ቧንቧዎቹም ተለጥጠው ቅርጻቸውን ያጣሉ።

ነቀርሳን የሚያበረታቱት ነገሮችም እዚህ በርካታ ናቸው። በ2016 በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆነው ሰዎች መካከል ኤች አይ ቪ የተገኘባቸው በአገሪቱ ሁሉ 0.9 በመቶ ሲሆኑ በጋምቤላ ክልል ግን 4.8 በመቶ ነበሩ፤ ይህም ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ኤች አይ ቪ የሰውነትን መከላከያ ሲያደክም ነቀርሳው መንገድ ያገኛል። ከዚህም በቀር በ2013 መጨረሻ በደቡብ ሱዳን ጦርነት ከተነሣ ወዲህ በኩሌ፣ በቲየርኪዲ፣ በጀዊና በንጉኝየል መጠለያዎች እጅግ ብዙ ሕዝብ ተጠግቶ ይኖራል። በትንፋሽ ለሚተላለፍ በሽታ መጨናነቅ ምን ያህል እንደሚመቸው ማስረዳት አያስፈልግም።

ጢስም አለ። በሣር ጎጆ ውስጥ በእንጨትና በከሰል የሚበስለው ምግብ፣ ኑዌሮች ከብቶቻቸውን ከትንኝ ለመጠበቅ በበረቱ ውስጥ የሚያጨሱት ኩበት፣ በቅል ጋያ የሚጨሰው ትንባሆ፣ ሁሉም በሳምባ ላይ ይደመራሉ። እዚህ ላይ ፍርዳችን የችኮላ እንዳይሆን እንጠነቀቃለን፤ ወባ በበዛበት አገር ጢስ ትንኝን ስለሚያርቅ ሰዎቹ የሚያጨሱት ያለ ምክንያት አይደለም። ከአንዱ በሽታ የሚጠብቃቸው ነገር ለሌላው ያጋልጣቸዋል ማለት ብቻ ነው።

እንግዲህ ስድስት ወር ሙሉ መድኃኒቱን ውጦ አክታው የጠራለት ሰው በመዝገብ ላይ «ድኗል» ተብሎ ይጻፍለታል። ጽሑፉ በመጀመሪያው ቃል ትርጉም ትክክል ነው። ሆኖም ያ ሰው ከባሮ ዳር ውሃ ቀድቶ ዳገቷን ሲወጣ ሁለት ሦስት ጊዜ ቆሞ ማረፍ ግድ ይሆንበት ይሆናል። ይህ የጋምቤላ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በማላዊ ብላንታየር ከተማ የነቀርሳ ሕክምናቸውን በፈጸሙ 405 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2020 በታተመው ጥናት፣ ከሦስቱ የአንዱ ያህል የትንፋሽ ልክ ከሚገባው በታች ሆኖ ተገኝቷል፤ 44 በመቶ በሚሆኑትም ላይ የአየር ቧንቧዎች ተለጥጠው ታይተዋል። ከነቀርሳ በኋላ ስለሚቀረው የሳምባ ጉዳት ብቻ ለመነጋገር የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ ስብሰባ የተደረገው በ2019 በደቡብ አፍሪካ በስቴለንቦሽ ነው። ተውሳኩ በሮበርት ኮኽ የታወቀው በ1882 መሆኑን ስናስብ፣ «ከዳነ በኋላስ?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል ዘግይቶ እንደተጠየቀ እንረዳለን። የግንድ ሕዋስ ማስታወቂያ የሚገባው በዚሁ ባዶ ቦታ ነው።

፪. ስለ ሳምባና ስለ ግንድ ሕዋስ ጥቂት ማብራሪያ

የሰው ሳምባ እንደ ዛፍ ነው ቢባል ያስኬዳል። ከጉሮሮ የሚወርደው ቧንቧ ሁለት ይሆናል፣ ሁለቱም ደጋግመው ቅርንጫፍ እያወጡ ይሄዳሉ፤ በመጨረሻ በብዙ መቶ ሚሊዮን የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ላይ ይደርሳሉ። የከረጢቶቹ ግድግዳ እጅግ ስስ ነው፤ ኦክሲጅን ወደ ደም የሚገባው በዚያ ነው። ግድግዳውን የሚያለብሱት ሕዋሳት ሁለት ዓይነት ናቸው። የመጀመሪያዎቹ እንደ ሉህ የተዘረጉ ሲሆኑ አየሩን ያሳልፋሉ። ሁለተኛዎቹ ከረጢቱ እንዳይጣበቅ የሚያለሰልስ ፈሳሽ ያመነጫሉ፤ ጉዳት በደረሰ ጊዜም ራሳቸውን አባዝተው ወደ መጀመሪያው ዓይነት ይለወጣሉ። ስለዚህ ሳምባ ፈጽሞ የማይጠገን ነው ማለት ስሕተት ነው፤ የራሱ ግንድ ሕዋሳት አሉት።

ግንድ ሕዋስ ማለት ራሱን እያባዛ ሌላ ዓይነት ሕዋስ ለመሆን የሚችል ሕዋስ ነው። ይሁን እንጂ ሕዋስ መኖሩ ብቻውን አይበቃም። ጎጆው የፈረሰበት ሰው ሣር ስለተሰጠው ብቻ ቤት አይኖረውም፤ ምሰሶና ማገር ያሻዋል። ነቀርሳ ወይም ጢስ ያጠፋው ሕዋሱን ብቻ ሳይሆን ሕዋሱ የሚያርፍበትን ማገርም ጭምር ነው። በማገሩ ፈንታ ጠባሳ ቆሟል። በጠባሳ ላይ የፈሰሰ ሕዋስ እንዴት አድርጎ ከረጢት፣ ቧንቧና የደም ሥር በየቦታቸው ሊያቆም ይችላል? ከዚህ በታች የምናነሣቸውን ሥራዎች ሁሉ የምንጠይቀው ይህንን ነው።

፫. በ2011 የታተሙት ሁለት ጽሑፎች

የ2011 ዓመት ለዚህ ተስፋ ታላቅ ዓመት ነበረ። በግንቦት ወር በአሜሪካ በሚታተመው ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜድሲን ላይ በቦስተን በብሪገም ሆስፒታል የሚሠሩት ያን ካይስቱራ፣ ፒዬሮ አንቬርሳና ባልደረቦቻቸው ከሰው ሳምባ እውነተኛ ግንድ ሕዋስ አገኘን ብለው ጻፉ። ሕዋሱ በተጎዳ የአይጥ ሳምባ ውስጥ በተጨመረ ጊዜ ቧንቧውንም፣ ከረጢቱንም፣ የደም ሥሩንም አንድ ላይ አበቀለ ተባለ። ይህ «ታደሰ» የሚለው ቃል በሙሉ ትርጉሙ ነው። ጋዜጦች ተቀባበሉት። ሌሎች ሊቃውንት ግን ገና ከጅምሩ አንድ ዓይነት ሕዋስ ያን ያህል የተለያየ ሥራ መሥራቱን ተጠራጥረው ነበር። በኋላ በተደረገው ምርመራ ከዚያ ቤተ ሙከራ የወጡ ብዙ ሥራዎች የተበላሸ ወይም የተፈጠረ መረጃ የያዙ መሆናቸው ታወቀ፤ በ2017 ሆስፒታሉና የበላይ ድርጅቱ ለአሜሪካ መንግሥት 10 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። በጥቅምት 2018 ሆስፒታሉና የሐርቫርድ የሕክምና ትምህርት ቤት 31 ጽሑፎች እንዲሰረዙ ጠየቁ፤ መጽሔቱም ያንን የሳምባ ጽሑፍ ሰረዘው።

ሁለተኛው ጽሑፍ በኅዳር ወር በላንሴት መጽሔት የታተመው ነው። ትራኪያ የሚባለው የጉሮሮ ቧንቧ ራሱ ሳምባ ባይሆንም፣ የቀረበው የእድሳት ተስፋ አንድ ዓይነት ስለሆነ ከዚሁ ጋር እናየዋለን። በሰኔ 2011 በስዊድን በካሮሊንስካ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ፓኦሎ ማኪያሪኒ የተባለው ቀዶ ሐኪም፣ በቧንቧው ላይ ዕጢ ለበቀለበት ሰው ከፕላስቲክ የተሠራ ቧንቧ አስገባለት። ፕላስቲኩ ከሕመምተኛው የአጥንት መቅኔ በተወሰዱ ሕዋሳት ተነክሮ ነበርና ሕዋሳቱ አድገው ሕያው ቧንቧ ያደርጉታል ተባለ። ሕመምተኛው በአይስላንድ ትምህርቱን ይከታተል የነበረ ኤርትራዊ ነው። ስለዚህ የዚህ ተስፋ የመጀመሪያ መሞከሪያ የሆነው ሰው የእኛው የጎረቤት አገር ልጅ እንደነበረ ልብ ይሏል።

ጽሑፉ ከአምስት ወር በኋላ ሕመምተኛው በደኅና ሁኔታ እንደሚገኝ አስታወቀ። ሰውየው ግን ብዙ ከተሠቃየ በኋላ በጥር 2014 ሞተ። በዚያው ሆስፒታል እንዲህ ያለ ቧንቧ የገባላቸው ሦስቱም ሰዎች ሞተዋል። ነገሩን ያወጡት የሆስፒታሉ አራት ሐኪሞች ናቸው፤ የሕመምተኞቹን መዝገብ ከታተመው ጽሑፍ ጋር አስተያይተው የማይስማማ ሆኖ ስላገኙት በ2014 አቤት አሉ፤ መጀመሪያ ሰሚ አላገኙም። ላንሴት ጽሑፉን የሰረዘው በ2018 ሲሆን፣ በ2023 የስዊድን የይግባኝ ፍርድ ቤት በቀዶ ሐኪሙ ላይ የሁለት ዓመት ከስድስት ወር እሥራት ፈርዶበታል።

ስለነዚህ ሁለት ጽሑፎች የምንተቸው የሰዎቹን ጠባይ አይደለም፤ እሱን ለመርማሪዎችና ለዳኞች ትተነዋል። የምንተቸው የአንባቢውንና የአሳታሚውን አስተያየት ነው። በሁለቱም ላይ ጥያቄ ሊያስነሣ የሚገባው ነገር ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ በገጹ ላይ ነበረ። በአንደኛው አንድ ሕዋስ ሁሉን ነገር ይሠራል ተብሏል። በሁለተኛው በአንድ ሰው ላይ በአምስት ወር የታየ ነገር እንደ ፍጹም ሥራ ቀርቧል። ሁለቱም እስኪሰረዙ ድረስ ሰባት ሰባት ዓመት አለፈ፤ በነዚያ ዓመታት ውስጥ ስንት ሰው በእነርሱ ተስፋ እንዳደረገ የሚያውቅ የለም። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን ግን ጽሑፉ ሲሰረዝ ወሬው አብሮ አለመሰረዙ ነው። የመሰረዙ ዜና በትንሽ ፊደል ይወጣል፤ የመታደሱ ዜና ግን ዛሬም በስልክ ላይ ይዞራል።

፬. በዕጣ የተደረጉት ሙከራዎች

አሁን ወደ ተጨበጡት ሥራዎች እንምጣ። በብዛት የተሞከሩት ከአጥንት መቅኔ፣ ከስብ ወይም ከእትብት የሚወሰዱት «መዘንካይማል» የሚባሉት ሕዋሳት ናቸው። እነዚህ በደም ሥር ሲሰጡ የደም ሥር ደም ሁሉ መጀመሪያ በሳምባ በኩል ስለሚያልፍ እዚያው ይያዛሉ። ስለዚህ «ሕዋሱ ሳምባ ውስጥ ገባ» የሚለው ማስታወቂያ ውሸት አይደለም። ሆኖም አብዛኞቹ በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠፋሉ፤ የሳምባ ሕዋስ ሆነው አይቀሩም። በቆዩበት ጊዜ የሚለቁት ንጥረ ነገር ግን የሰውነትን ቁጣ ሊያበርድ ይችላል። በ1991 ለእነዚህ ሕዋሳት ግንድ ሕዋስ የሚለውን ስም ያወጣላቸው አርኖልድ ካፕላን ራሱ በ2017 ስሙ ሰዎችን አሳስቷልና ይለወጥ ብሎ ጽፏል። ስም አውጪው ስሙን ካነሣ፣ ሻጩ በስሙ መነገዱ ምን ይባላል?

በ2013 የታተመው የአሜሪካ ሙከራ ለአሠራሩ ምሳሌ የሚሆን ነው። ሥር በሰደደ የአየር ቧንቧ መጥበብ የሚሠቃዩ 62 ሰዎች በዕጣ ተከፈሉ፤ አንደኛው ወገን ሕዋሱን፣ ሁለተኛው ወገን ምንም ኀይል የሌለውን ፈሳሽ በወር አንድ ጊዜ ለአራት ወር ያህል ተቀበለ። ማን ምን እንደተቀበለ ሕመምተኛውም ሐኪሙም አላወቁም። ለሁለት ዓመት ክትትል ተደርጎ ሕዋሱ ጉዳት እንዳላመጣ ታየ፤ በትንፋሽ ልክ ግን በሁለቱ ወገኖች መካከል ልዩነት አልተገኘም። በ2019 የታተመው ሌላው ሙከራ ሳምባቸው በድንገት በውሃ ተሞልቶ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ በነበሩ 60 ሰዎች ላይ የተደረገ ነው፤ በእርሱም ሕዋሱ የሞትን ቁጥር እንደቀነሰ አልታየም። በኮቪድ ምክንያት ሳምባቸው በተጎዳ ሰዎች ላይ የተጀመረው ሰፊ ሙከራ ደግሞ 300 ሰዎችን ሊያካትት ታስቦ ሳለ፣ በመካከል የተደረገው ምዘና ሞትን እንደማይቀንስ ስላመለከተ በታኅሣሥ 2020 አዲስ ሕመምተኛ መቀበሉን አቆመ።

በ62ቱ ሰዎች ላይና በኮቪድ ሕመምተኞች ላይ የተሞከረው ሕዋስ አንድ ዓይነት ነው። ይኸው ሕዋስ በታኅሣሥ 2024 በአሜሪካ የመድኃኒት ተቈጣጣሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ አገኘ፤ የተፈቀደው ግን ለሳምባ አይደለም። የሌላ ሰው መቅኔ ከተሰጣቸው በኋላ የተሰጠው መቅኔ የገዛ ሰውነታቸውን ለሚያጠቃባቸው ሕፃናት ነው። ሥራው ቁጣን ማብረድ ነውና ቁጣ ዋና በሽታ በሆነበት ቦታ ጠቀመ፤ ግድግዳ በፈረሰበት ቦታ ግን ግድግዳ አልሠራም። ለሳምባ በሽታ መሥሪያ ቤቱ የፈቀደው የግንድ ሕዋስ ሕክምና የለም። እነዚህን ሙከራዎች ያደረጉትን ሰዎች እናመሰግናለን፤ «አልሠራም» ብሎ ማተም ለሳይንስ ከታላላቅ አገልግሎቶች አንዱ ነውና።

፭. ለጋምቤላ የሚቀርበው ሥራ፦ የሚንስክ ሙከራ

ከነቀርሳ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ሥራ በቤላሩስ ዋና ከተማ በሚንስክ ተደርጎ በ2014 በላንሴት የመተንፈሻ አካላት ሕክምና መጽሔት የታተመው ነው። መድኃኒት የተላመደ ነቀርሳ የያዛቸው 30 ሰዎች ከገዛ መቅኔያቸው የተወሰደ ሕዋስ ተባዝቶ ከመድኃኒቱ ጋር ተሰጣቸው። ዓላማው ሳምባን የሚያፈርሰውን ቁጣ ማብረድ ነበረ፤ የጽሑፉ ዋና ጥያቄም «ጉዳት ያመጣል ወይስ አያመጣም?» የሚል ነው። ከባድ ጉዳት እንዳልታየ ጸሐፊዎቹ አስታውቀዋል። ይህን ያህል ጽሑፉ ሐቀኛ ነው።

ሆኖም ሥራው በሌሎች ሲጠቀስ የማነጻጸሪያው ወገን ነገር ይዘነጋል። ለማነጻጸሪያ የቀረቡት ሰዎች በዕጣ የተለዩ አልነበሩም፤ ሕዋሱን አንወስድም ያሉት ናቸው። እሺ ያለና እምቢ ያለ ሰው በድካሙ ልክ፣ በተስፋው፣ በቤቱ ሁኔታ ሊለያይ ይችላል። ስለሆነም በሁለቱ መካከል ልዩነት ቢታይ ከሕዋሱ ይሁን ከሰዎቹ ሁኔታ ማወቅ አይቻልም። ከዚህም በላይ ለእኛ የሚከብደው ነገር አለ፤ በሙከራው ውስጥ ኤች አይ ቪ ያለባቸው ሰዎች እንዳይገቡ ተከልክለዋል። ለመጀመሪያ ሙከራ ይህ ተገቢ ጥንቃቄ ነው። ነገር ግን ነቀርሳና ኤች አይ ቪ ተጎራብተው በሚኖሩበት በጋምቤላ ላለው ብዙ ሕመምተኛ ይህ ሥራ ምንም አልተናገረም ማለት ነው። እንግዲህ በሚንስክ የተገኘውን ለጋምቤላ ይሆናል ብሎ የሚጠቅስ ሰው፣ ጽሑፉ ከደጃፉ ያስወጣቸውን ሰዎች መልሶ እያስገባቸው ነው።

፮. ከቻይና የመጣው አዲስ መንገድ

በደም ሥር ከሚሰጠው ሕዋስ የተለየ መንገድ የያዙት የቻይና ሊቃውንት ናቸው። እነርሱ ከሕመምተኛው የአየር ቧንቧ ውስጥ በጥቃቅን ብሩሽ የሳምባውን የራሱን ግንድ ሕዋስ ወስደው፣ ካባዙት በኋላ ወደ ሳምባው መልሰው ያፈሱታል። በ2018 የአየር ቧንቧቸው በተለጠጠ ሁለት ሰዎች ላይ የተደረገውን አሳተሙ። በ2024 ደግሞ በሳይንስ ትራንስሌሽናል ሜድሲን መጽሔት ላይ የአየር ቧንቧ መጥበብ ባለባቸው 20 ሰዎች ላይ የተደረገውን አቀረቡ፤ ከነዚህ 17ቱ ሕዋሱን ሲቀበሉ 3ቱ ለማነጻጸሪያ ቀሩ። ኦክሲጅን ከሳምባ ወደ ደም የሚያልፍበት ልክ ሕዋሱን በተቀበሉት ላይ እንደተሻሻለ ጽፈዋል።

ይህ መንገድ በሐሳቡ ከቀደሙት የተሻለ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ለሳምባ የሳምባን ዘር መዝራት ነውና። ነገር ግን 3 ሰው ለማነጻጸሪያ አይበቃም፤ ሕመምተኞቹም የተሰጣቸውን ያውቁ ነበር። የትንፋሽ ልክ በሕመምተኛው ብርታትና ፈቃድ ከፍና ዝቅ እንደሚል የታወቀ ነው። ስለዚህ በዚህ ሥራ ላይ የምንሰጠው ፍርድ «ይቀጥል፤ ገና ግን አይሸጥ» የሚል ይሆናል። «ታደሰ» ለሚለው ቃል ከሁሉ የቀረበው ይህ ነው፤ ቢሆንም ገና ከደጃፉ ላይ ነው።

፯. አንድ ተቃውሞና መልሱ

«ሌላ ተስፋ ለሌለው ሰው ተስፋውን ለምን ትነሡታላችሁ? ገንዘቡ የራሱ፣ ነፍሱም የራሱ ናት» የሚለን ሊኖር ይችላል። ተቃውሞው ክብደት አለው፤ በቸልታ አናልፈውም። ግን አስቀድሞ ገንዘቡ የራሱ ብቻ አይደለም። በዚህ አገር ላም የልጆች ወተት፣ የወንድም ጥሎሽ፣ የክፉ ቀን ጎተራ ናት። ሁለተኛ፣ በእውነተኛ ሙከራ ውስጥ የገባ ሰው ለሕክምናው ብዙውን ጊዜ አይከፍልም፤ ጉዳት ሲደርስበት የሚመዘግብ አለው፤ ቢሞት እንኳ ሞቱ ለሌሎች ትምህርት ይሆናል። ከፍሎ በድብቅ ክሊኒክ የተወጋ ሰው ግን ውጤቱ በየትም አይጻፍም። ዓለም አቀፉ የግንድ ሕዋስ ምርምር ማኅበርም ያልተረጋገጠ ሕክምና ከሚሸጡ ሰዎች ሕዝብ እንዲጠነቀቅ ሲያሳስብ ኖሯል። ሦስተኛ፣ ተስፋን የሚነሣው እውነት የሚናገረው ሰው አይደለም፤ ሊደረግ የሚቻለውን ትንሽ ነገር ላልተያዘ ትልቅ ነገር የሚያስጥለው ነው።

የቦታውንም ነገር መርሳት አይገባም። እንዲህ ያለው ሕዋስ በፈሳሽ ናይትሮጅን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሚደርስ ቅዝቃዜ ይጠበቃል፤ ለማባዛት ንጹሕ ክፍል፣ የማይቋረጥ መብራትና የሠለጠነ ሰው ያስፈልገዋል። ይህ በጋምቤላ ሙቀት ከባድ ነገር ነው። ሕመምተኛው ራሱ ይጓዝ ቢባልም መንገዱ በጎሬና በመቱ በኩል ዳገት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ስላላት፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚገኘው ኦክሲጅን ከጋምቤላው ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ያነሰ ነው። ሳምባው የደከመ የቆላ ሰው ሕክምና ፍለጋ ሲወጣ ወደሚያንሰው አየር ይወጣል። ይህን እውነት በስልክ ላይ ያለው ማስታወቂያ አይነግረውም።

ሊደረግ የሚቻለው ምንድን ነው? መጀመሪያ የነቀርሳ ሕክምና ሲያልቅ አክታ ብቻ ሳይሆን ትንፋሽም ቢለካ መልካም ነው። ስፓይሮሜትር የሚባለው የትንፋሽ መለኪያ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ ነው፤ እርሱ ባይገኝ ሕመምተኛው በስድስት ደቂቃ ውስጥ ምን ያህል ርቀት እንደሚራመድ መለካት ይቻላል። ለዚህ ሜዳ እንጂ ናይትሮጅን አያስፈልግም። ሁለተኛ፣ ሳል ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየበት ሰው ቶሎ ቢመረመር ዋሻው ሳይወጣ ተውሳኩን መግደል ይቻላል፤ ያልፈረሰ ግድግዳ ጥገና አይሻም። ሦስተኛ፣ የወባ አጎበር በደንብ ሲዳረስ ጢስን መቀነስ ይቀላል፤ የማብሰያውንም ጢስ ወደ ውጭ ማውጣት ይገባል። አራተኛ፣ የደከመን ሳምባ በልምምድና በአተነፋፈስ ትምህርት ማበርታት የታወቀ ሥራ ነው። በአገራችን የሳምባ ሐኪሞችን በልዩ ሙያ ማሠልጠን በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል በ2013 ተጀምሯል፤ ፍሬው ወደ ጠረፍ ከተሞች እንዲደርስ መመኘት ብቻ ሳይሆን መጠየቅም ተገቢ ነው።

መደምደሚያ

ከላይ እንዳየነው «ታድሷል» ብለው በ2011 የወጡት ሁለት ታላላቅ ጽሑፎች ተሰርዘዋል። በዕጣ የተደረጉት ሙከራዎች ሕዋሱ በአመዛኙ ጉዳት እንደማያመጣ አሳይተዋል፤ የጠፋ ትንፋሽ እንደሚመልስ ግን አላሳዩም። የሚንስኩ ሥራ ጥሩ ጥያቄ ጠይቋል፤ መልሱ ግን ለጋምቤላ አልደረሰም። የቻይናው መንገድ ሊከተሉት የሚገባ ነው፤ ገና ግን ፍሬው አልበሰለም። ይህ ሁሉ ግንድ ሕዋስ ለዘለዓለም አይጠቅምም ማለት እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልናል። ነገ በዕጣ በተከፈሉ ብዙ ሰዎች ላይ ተሞክሮ የትንፋሽ ልክ ከፍ ያደረገ ሕዋስ ቢገኝ ደስ ብሎን እንጽፋለን፤ ያን ጊዜ የምንጠይቀው ኤች አይ ቪ ያለበት የቆላ ሰው በሙከራው ውስጥ ነበረ ወይስ አልነበረም የሚለውን ይሆናል።

እስከዚያው ድረስ ሐኪሙም፣ ጋዜጠኛውም፣ እኛ ተማሪዎችም ሦስቱን ቃላት በየቦታቸው ብናስቀምጥ ለሕዝባችን አንድ አገልግሎት እንደሰጠን ይቆጠራል። አክታው ለጠራለት ሰው «ድነሃል» ስንል ትንፋሹንም እንለካለት፤ ትንፋሹ ለቀለለት ሰው «ተሽሎሃል» እንበለው። «ታድሷል» የሚለውን ቃል ግን ማስረጃው እስኪመጣ ድረስ እናቆየው። ላሞቹን ሊሸጥ የተነሣው ልጅም ከመሸጡ በፊት ሻጩን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ «ይህን ሕዋስ ካልተቀበሉት ጋር በዕጣ አነጻጽራችሁ፣ የአባቴን በመሰለ ሳምባ ላይ ያያችሁትን የት አሳተማችሁ?» መልስ ካላገኘ ላሞቹ በበረታቸው ይቆዩ።